ኢሉን ማን ተሸከመው?

ፉሪ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ገዲሴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሐዘኑስ እንዴት አደረግዎት? እኛ በዚህ በኩል ደህና ነን። ወንድምዎ ኢሉ በሌለበት ደህና ማለት የሚቻል ከሆነ ማለቴ ነው። ባለቤቴ ገላኔ ጉልበት ስማ ሰላም ትላለች።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጆሮዎ እንደ ድሮው ቢሆን ስልክ ደውዬ ሁለት ቃል ተናግሬ እገላገል ነበር። በስልክ የሚጻፈውንም «ዓይኔ አይለየውም፣ ለልጆች ተዉት» ብለዋል። በልጅነቴ በእናንተ ቤት ደጃፍ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎትና በወረቀት ሲመጡብኝ መሸሻ የለኝም።

ወንድሜ እንዴት ተቀበረ ላሉት፣ በክብር ተቀብሯል። ሕዝቡ ብዙ ነበር። ከጀሞም ከሀይሌ ጋርመንትም ያልመጣ የለም። ዕለቱ ፀሐይ ነበር፣ ዝናብ አልጣለም። መንገዱም ደረቅ ነበር። ካህናቱ ሳይቸኩሉ ነው ጸሎቱን ያደረሱት።

ማን ተሸከመው ብለው ለጠየቁት፣ ስድስት ሰዎች ተሸከሙት። እኔም ከፊት በቀኝ በኩል ነበርኩ።

እርስዎ ያልመጡት እግርዎን ስላመመዎት መሆኑን ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። የተቀየመ የለም። እግርዎን እንዴት አደረገዎት?

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ታናሽዎ ለታ

*

ዲላ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንተ ለታ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፀሐዩና ስለ መንገዱ የጻፍከው ስለ ወንድሜ ከጻፍከው ይበልጣል። አርባ ዓመት የልጆች ደብተር ሳርም ኖሬያለሁ። ልጅ መልሱን ሲያጣ ጥያቄው ዙሪያ እንዴት እንደሚዞር አውቃለሁ።

ሞልቱ በዚህ ሳምንት ጽፋልኛለች። ባሏ የሞተባት እሷ ሆና ሳለ «ለታን አይዞህ በዪው» ትለኛለች። ከቀብሩ ወዲህ ደጇን አልረገጥክም አሉ። የአርባው ዕለትም አልነበርክም። ከኢሉ ጋር ስልሳ ዓመት አንድ ላይ የኖርክ ሰው ለአርባው ትቀራለህ? ምን ሆነህ ነው?

ስለ እግሬ ለጠየቅከው፣ ያው ነው። ስለሱ ደግመህ አትጠይቀኝ።

ገላኔን ሳምልኝ። መልስህን በቶሎ፣ ረዘም አድርገህ ጻፍ።

ገዲሴ

*

ፉሪ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

በዓሉን እንዴት ዋሉት? እዚህ ጥምቀት ደምቆ አልፏል። እኔ ግን ታቦት አልሸኘሁም።

ሞልቱ ደጅ ለምን አልሄድክም ላሉት፣ አሞኝ ነበር። ይህ ውሸት አይደለም። እንዴት እንዳመመኝ መጻፉ ግን ያሳፍራል።

ከጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ ምግብ ተውኩ። ገላኔን በመጀመሪያ «ሆዴን ቆረጠኝ» አልኳት፣ ኅዳር አጋማሽ ሲደርስ ደግሞ «ጾም ነው» አልኳት። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ማታ ሁለት ጉርሻ። ሎሚ ስብ ያቀልጣል ሲባል ሰምቼ ነው። መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ካለው ሚዛን ላይ መጀመሪያ ስወጣ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ነበርኩ። በአምስት ሳምንት ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ። ልቤ ደስ አላት። ታኅሣሥ ሦስት ቀን ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስጠብቅ ምድሩ ዞረብኝ። ስነቃ አስፋልት ዳር ተጋድሜ ሰው ከቦኛል። አንዱ «ኧረ ይሄን ሰውዬ የሚያነሳ መኪና ጥሩ» ሲል ሰማሁት። ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ሌንሳ የምትባል ነርስ ግፊቴንና ስኳሬን ለካች፣ ሁለቱም ጥሩ አልነበሩም። ከዚያ ምን ስበላ እንደከረምኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«አባባ፣ ማን ነው እንዲህ ያስራብዎት?» አለች።

«እኔው ነኝ።»

«ምን አጥፍተው?»

ዝም አልኩ። እሷም «በእርስዎ ዕድሜ ሰው ሲራብ ስቡ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ጡንቻውም ይሄዳል። ጉልበትዎን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ደግሞ ጡንቻው ነው። በዚህ ዓይነት የበለጠ ይወድቃሉ እንጂ አይነሱም» አለችኝ።

እትዬ፣ እርስዎ የሚያውቁት ለታ ቀጭን ነበር። ከበሬ ኋላ ስሄድ ስለምውል የበላሁት ሁሉ በላብ ይወጣ ነበር። መሬቱ ላይ ቤት ከተሠራበት ወዲህ ያ ሁሉ መሄድ ቀረ። መብላቱ ግን አልቀረም። ሱቅ ከፍቼ ደጃፉ ላይ ወንበር አወጣሁ። ያለፈ ያገደመው ይቀመጣል፣ ጥሬ ሥጋ ይመጣል፣ ቢራ ይመጣል፣ ለኔም ለስላሳ መጠጥ እንደ ውሃ ሆነኝ። ሆዴ ሲወጣ ሰው «አማረብህ» ይለኝ ነበር። እኔም ያማረብኝ መሰለኝ። ታክሲ ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ ስይዝ፣ የጫማዬን ማሰሪያ ገላኔ ስታስርልኝ ሳይቀር «የጥጋብ ነው» እያልኩ እስቅ ነበር።

አሁን ሌንሳ በምትለው እየሞከርኩ ነው። እግርዎን ደግሜ አልጠይቅዎትም፣ ታዝዣለሁ።

ለታ

*

ዲላ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታ፣

እንኳን ተረፍክ። ገላኔን ስለዋሸሃት ይቅርታ ጠይቃት። ስትበላም ስትራብም አብራህ የምትጨነቀው እሷ ናት።

የነርሷን ምክር ተከተል። ሰው እያረጀ ሲሄድ በጣም መወፈሩም በጣም መክሳቱም ጥሩ አይደለም። ይህን ማንም ያውቀዋል። ማወቅና ማድረግ ለየቅል ናቸው እንጂ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጅቷ «ምን አጥፍተው?» ስትልህ ዝም አልክ። እኔም ያንኑ እጠይቅሃለሁ። ምግብ የተውከው ኢሉን በቀበርክ ወር እንጂ ግፊትህ ሲታወቅ አይደለም። ሰው ዝም ብሎ ራሱን አይቀጣም። እኔ ደግሞ ከነርሷ የበለጠ ትዕግሥት የለኝም።

ገዲሴ

*

ፉሪ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ገዲሴ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ጾሙ ገብቷል። ውሸቴን ይዤ ፋሲካ እንዳይደርስብኝ ፈራሁ።

ኢሉ በክብር አልተቀበረም። እኔ ጣልኩት።

የዕድሩ ሰዎች ሳጥኑ ከቤት ሲወጣ «ጋሼ ለታ፣ ለወጣቶቹ ይተዉላቸው» ብለውኝ ነበር። «እኔ ሳልሸከመው ማን ሊሸከመው ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። በወጣትነታችን ወይፈን ጭኔን የወጋኝ ጊዜ፣ ከማሳው እስከ አስፋልቱ አዝሎኝ የሮጠው ኢሉ ነው። ይህን እርስዎም ያውቃሉ። እኔም እሱን አንድ ቀን፣ አንድ መንገድ ልሸከመው አሰብኩ።

ገና መቶ እርምጃ ሳንሄድ ትንፋሼ ተቆራረጠ። አንዱ ሊቀበለኝ ትከሻውን ሲያስጠጋ በክርኔ ገፋሁት። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ሁለተኛው ላይ የቀኝ ጉልበቴ ታጠፈ። የሳጥኑ ፊት ድንጋዩን መታ። ክዳኑ ተንሸራቶ ከፈኑ ታየ። የሴቶቹን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ከሁሉ የሚያሳፍረው የሚቀጥለው ነው። ኢሉ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ሳለ እኔ መነሳት አቃተኝ። ሰዎቹ ሬሳውን ትተው እኔን ሊያነሱ ይታገሉ ጀመር። አራት ሆነው አቃታቸው፣ አምስተኛ ተጨመረ። አንዱ በብብቴ፣ አንዱ በቀበቶዬ ይጎትተኛል። ሞልቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። የኢሉ ልጅ ሴና ግን አላለቀሰችም። ቀርባ «እንዲተዉት ነግረውዎት ነበር እኮ» አለችኝ። ይህን ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረችኝም።

በወሩ ዕድሩ ተሰብስቦ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሬሳ እንዳይሸከም ወሰነ። ስሜን ማንም አልጠራም። ደንቡ እስኪነበብ ሁሉም መሬት መሬት ያይ ነበር።

ለዚህ ነው አርባው ዕለት ያልነበርኩት። ለዚህ ነው ምግብ የተውኩት። እርስዎ ፊደል ባስተማሩት እጅ «በክብር ተቀብሯል» ብዬ ጻፍኩልዎት። ይቅርታ ለመጠየቅም አፍ የለኝም።

ለታ

*

ፉሪ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ገዲሴ፣

ፋሲካም አለፈ፣ ከእርስዎም መልስ የለም። አልፈርድብዎትም። መልስ ለማስገደድ አይደለም የምጽፈው። በመጨረሻው ደብዳቤዬ ላይ «ሞልቱስ?» ብለው መጠየቅዎ እንደማይቀር ስለማውቅ ለሱ መልስ ልስጥ።

ወደ ሞልቱ ሄድኩ። በእግሬ ነው የሄድኩት። ከየካቲት ጀምሮ በሌንሳ ትእዛዝ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ። በፊት አሥር ደቂቃ ነበር፣ አሁን ግማሽ ሰዓት ደርሻለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከመድከሙ ይልቅ ማፈሩ ነበር የከበደኝ። ገበሬ ሆኜ ዕድሜዬን ሁሉ ስሄድ ኖሬ፣ ያለ ጉዳይ መሄድ ግን አላውቅም። ሰው «የት ነው?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ስለዚህ ወረዳ ጉዳይ ያለኝ እንዲመስል ባዶ ዶሴ በብብቴ ይዤ መውጣት ጀመርኩ። እስከ ዛሬም እይዘዋለሁ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ አለ። እጅ ሳያስደግፉ፣ አሥር ጊዜ። መጀመሪያ ቀን ሁለት ላይ ቀረሁ። ገላኔ ሳትስቅብኝ አጠገቤ ወንበር አምጥታ አብራኝ ትነሳና ትቀመጥ ጀመር። ትሪዋን ትታ በትንሽ ሳህን ነው የምታቀርብልኝ። ከሳህኑ ግማሹ ጎመንና ቀይ ሥር፣ ከቀሪው ግማሹ ምስር ወይም ባቄላ፣ እንጀራው የተረፈው ቦታ ላይ ነው። ጾሙ ሲፈታ እንቁላልና ዓሣ ገባ። ሥጋም አልተከለከልኩም፣ ግን እንደ ድሮው በኪሎ አይደለም። ለስላሳውን ተውኩ። ቢራውን ለመተው አልቻልኩም፣ እሑድ እሑድ አንድ እጠጣለሁ። ሌንሳ «በወር አንድ ሁለት ኪሎ ከቀነሱ ይበቃል፣ ማንም አያባርርዎትም» ትለኛለች።

ሞልቱ ደጅ ስደርስ በሩን ሳላንኳኳ ብዙ ቆምኩ። ራሷ ከፈተችው።

«በእግርህ መጣህ?» አለች።

«በእግሬ።»

«ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?»

ገብቼ ተንበረከክሁ። መንበርከክ ለኔ ቀላል እንዳይመስልዎት። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ሞልቱ፣ ጣልኩት» ብቻ አልኩ።

ሞልቱ «ለታ፣ የወደቀውንስ አነሱት። ስሙን አብሮኝ የሚያነሳ ሰው ነው ያጣሁት» አለች። «ሰባት ወር ሙሉ ኢሉን ከማን ጋር ላውራው? ልጅነቱን ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል? በድዬሃለሁ ብለህ ቀረህ፣ የበደልከኝ ግን በመቅረትህ ነው።»

ከዚያ ተቀመጥንና ስለ ኢሉ አወራን። ሳቅንም። ሴና ከሥራ ስትገባ «ደህና ዋሉ» ብላኝ ወደ ውስጥ አለፈች። በሩን ዘጋችው። ይህም መብቷ ነው።

እርስዎንም እንዲሁ እቀበላለሁ።

ለታ

*

ዲላ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለለታ፣

ተቆጥቼ ነበር። አሁንም ቁጣው ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። ወንድሜ ድንጋይ ላይ መውደቁን ሳነብ ወረቀቱን ጣልኩት። ያም ሆኖ ሰው ይወድቃል፣ ሳጥንም ይወድቃል፣ ይህ የአምላክ ነገር ነው። የተቆጣሁት «በክብር ተቀብሯል» በምትለው ቃል ነው። አምስት ወር ሙሉ ያንን ቃል ይዤ ስጽናና ነበር። ለሰውም ነግሬበታለሁ።

ሦስት ወር ዝም ያልኩት ግን በቁጣ ብቻ አይደለም። የሰኔውን ዝናብ እያየሁ ቁጭ ብዬ፣ ለታን የምወቅሰው እኔ ማን ነኝ ብዬ አሰብኩ።

እግሬን አላመመኝም።

እግሬ ከአንተ እግር ይሻላል። ስለ ቀብሩ በተነገረኝ ዕለት ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ማታ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር መኪና ተገኝቶልኝ ነበር። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩና መስታወት ፊት ቆምኩ። ቀሚሱ ከትከሻዬ ተንሸራትቶ ወረደ። በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት፣ ደግሞ ወረደ። የአንገቴ አጥንት፣ የክንዴ አጥንት እንደ ፍልጥ ወጥቷል። ለታ፣ እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ነኝ።

ባለቤቴ ከሞተ፣ ልጄም ሀዋሳ አግብታ ከሄደች ወዲህ ለአንድ ሰው ብሎ ወጥ መሥራት ቂልነት መሰለኝ። ጥርሴም አለቀ። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ቀን ሻይ በዳቦ፣ ማታ ካስታወስኩ ሻይ። ጆሮዬ ስለማይሰማ ሰው ቤት ተጠርቼ መብላትም ተውኩ። የሚያወሩት ሳይገባኝ ተቀምጬ ማላመጥ ያሳፍራል። እዚህ መንደር ውስጥ «በሽታ ይዟታል» ይላሉ። ከንፈራቸውን አነባለሁ፣ ይህን አያውቁም።

ፉሪ ብመጣ ምን ይሉ ነበር? «ልጇ አታበላትም እንዴ?» ይሉ ነበር። ልጄ እንዳትሰደብ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ግን እንዳልታይ ፈርቼ ወንድሜን ሳልቀብር ቀረሁ። ቀሚሱን አውልቄ አጣጥፌ አስቀመጥኩና ለሰው ሁሉ «እግሬ» አልኩ። አንተም አምነህ አስተባበልክልኝ።

አንተ ተሸክመህ ጣልከው። እኔ ለመሸከምም አልመጣሁም። ከዚህ በኋላ ማን ማንን ይቅር እንደሚል አላውቅም።

ይህን ለሞልቱ አትንገራት።

ገዲሴ

*

ፉሪ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ገዲሴ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ ሱቁን ዘግቼ ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለሌንሳ ብቻ «አንዲት ሩቅ ያለች ዘመዴ» ብዬ ጠየቅኳት። ተቆጣችኝ። «እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይሂድ» አለችኝ። ክሳቱ ከበሽታ ይሁን ካለመብላት ሳይለይ ምክር የለም አለች። ጥርስዎንም ያሳዩ። ምግቡ ትንሽ ትንሽ ሆኖ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይሁን ብላለች። እንቁላል፣ ወተት፣ ለውዝ የተፈጨ፣ ሽሮ፣ አቮካዶ። አቮካዶ እዚያ እናንተ አገር ከዛፍ እየወደቀ ይበሰብሳል አሉ።

ያልጠበቅኩት ነገር ደግሞ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጡ ለእርስዎም ነው። እኔ ለመቀነስ፣ እርስዎ ለመጨመር፣ ሥራው ግን አንድ ነው። የበሉት ሥጋ እንዲሆን አካል መሥራት አለበት ትላለች። ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኔ እዚህ አሥር ጊዜ እነሳለሁ። እርስዎም እዚያ የቻሉትን ያህል ይነሱ። መነሳትዎን በምን አውቃለሁ? አላውቅም። አምኜ እነሳለሁ።

በዲላ መኪና ከገላኔ በሶና የለውዝ ዱቄት ተልኮልዎታል። ለገላኔ «እትዬ በሶ አማራቸው» ብያታለሁ። ይህ የመጨረሻው ውሸቴ ይሁን።

ሴናን በተመለከተ፣ አሁንም ብዙ አታናግረኝም። ግን ባለፈው ሳምንት ታክሲ ስትጠብቅ በአጠገቧ አለፍኩ። አየችኝና «አባባ ለታ፣ ዶሴውን ይተዉት። የት እንደሚሄዱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አለች። አልሳቀችም። እኔም ቤት ገብቼ ዶሴውን ቁም ሳጥን ላይ ወረወርኩት። በማግሥቱ ሁለት እጄን እያወዛወዝኩ ወጣሁ። ራቁቴን የወጣሁ ያህል ነበር።

እኔን ይቅር ባይሉም ይብሉ።

ለታ

*

ዲላ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለለታ፣

እንኳን አዲሱን ዓመት ለመቀበል አደረሰን። በሶው ደረሰ። ገላኔን አመስግንልኝ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ያከሳኝ ያው አለመብላቴ ነው። ሌላ የተደበቀ በሽታ አልተገኘም። ጥርስ ሊሠራልኝ ተለክቷል። ሐኪሟ ወረቀት ላይ «ለምን እስከ ዛሬ አልመጡም?» ብላ ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ገልብጬ «አፍሬ» ብዬ ጻፍኩላት።

አሁን ቀን ቀን ግቢዬ ውስጥ ከተከራየችው ሴት ጋር አብረን እንበላለን። ሽሮውን እኔ እሠራለሁ፣ እንጀራውን እሷ ታመጣለች። አታናግረኝም፣ አላናግራትም፣ ግን ሳህኑ ላይ ሁለት እጅ አለ። ለብቻ መብላት መብላት አይደለም ለካ። አርባ ሁለት ደርሻለሁ። ከወንበር ስድስት ጊዜ እነሳለሁ። አንድ ሰዓት ላይ ሳይሆን ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ጠዋት ይበርደኛል።

ሞልቱ ለኢሉ ሙት ዓመት እንድመጣ ጽፋለች። ስለ ቀሚሱ ራሴ ጻፍኩላት። ከአንተ እንዳትሰማው አልኩህ እንጂ፣ ከእኔ መስማት ነበረባት። እመጣለሁ። ግን ድንኳን ውስጥ ሰው ፊት አልቀመጥም፣ ጓዳ እሆናለሁ። ይህን ንገራት።

ቃሉን ይቅር ብዬሃለሁ። መውደቁን መቼም ቢሆን አልያዝኩብህም።

ገዲሴ

*

ሞልቱ ቤት፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት

እትዬ፣

ጓዳ ውስጥ አጠገብዎ ተቀምጬ ደብዳቤ መጻፌ ሊያስቅዎት ይችላል። ጆሮዎ ላይ ብጮህ ድንኳኑ ሁሉ ይሰማል፣ ስለዚህ እዚሁ ሳህንዎ አጠገብ ላስቀምጠው።

ትናንት መናኸሪያ ሲወርዱ ሳይዎት ምንም ያላልኩት ደንግጬ አይደለም። ምን ማለት እንዳለብኝ ስላላወቅኩ ነው። እርስዎም ሆዴን አይተው ምንም አላሉም። መቶ ሦስት ነኝ። ገና ነኝ፣ ግን ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን እስከዚህ ሳልቆም መጥቻለሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ሴና ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘች። ሦስቱን ደረጃ ስንጨርስ ለቀቀችኝና ወደ ሴቶቹ ሄደች።

አሁን ድንኳኑ ሞልቷል። ሰው እርስዎን ይጠይቃል። «የኢሉ እህት መጥታለች አሉ፣ የት አለች?» ይላሉ። ሴና እየዞረች «ደክሟት ነው» ትላለች። ሞልቱ ግን ከእርስዎ ሌላ የኢሉን ልጅነት ለሰው የሚነግር የለም፣ ለታ የሚያውቀው ከፊደል በኋላ ያለውን ነው ብላ ላከችኝ። እንዳላስገድድዎትም አስጠንቅቃኛለች።

መታየት እንደሚከብድዎት አውቃለሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ አምና እኔን ከመሬት ሲያነሱኝ ያየ ነው። ዛሬ ጠዋት በመካከላቸው ስገባ ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ ነበር። አሁንም አልለቀቀኝም። ግን አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ፣ እኔም ተቀመጥኩ።

እንዲህ እናድርግ። እኔ ቀድሜ ልውጣ። እንደሚያዩኝ ሰፊ ነኝ፣ ከኋላዬ ቢሄዱ እስከ መቀመጫው ድረስ ማንም አያይዎትም። ከሞልቱ አጠገብ ወንበር ይዣለሁ። ከተቀመጡ በኋላ መነሳት ቢፈልጉ ወደኔ ይዩ፣ እመጣለሁ።

እንውጣ?

ለታ

(ከሥር፣ በገዲሴ እጅ ጽሑፍ)

ቆይ፣ ምሳዬን ልጨርስ።